ኛኩዋት ያስቀረችው ቃል

«አሁን ወደ ታች ተመልከቺ። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ ጫማሽ።»

ኛኩዋት ጫማዋን አየች። ዶክተር ቤርሳቤ በግራ ቅንድቧ ጫፍ ላይ ያለውን እብጠት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ያዝ አድርገው ወዲያና ወዲህ ሊያንቀሳቅሱት ሞከሩ። ቆዳው ከላይ ተንሸራተተ። እብጠቱ ግን ከሥር የተተከለ ይመስል ንቅንቅ አላለም።

«ያምሻል?»

«አሁን አያመኝም። ኳሱ የመታኝ ጊዜ ነበር ያመመኝ።»

«ከኋላ በኩል ጫፉን ላገኘው አልቻልኩም» አሉ ዶክተሯ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፤ ከዚያም እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።

እናቷ በክርኗ ጎሰም አደረገቻትና በኑዌርኛ «ምን እያለች ነው?» አለቻት።

«ቆይ፣ ገና አልጨረሰችም።»

ኛኩዋት አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ለእናቷ ስታስተረጉም ነው ያደገችው። እናቷ ከመሃል ከተማው ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። ደንበኛ ሲከራከር፣ ቀበሌ ሲጠራ፣ አስተማሪ ሲያስጠራ፣ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የምትቆመው ኛኩዋት ናት። ዛሬ ጠዋት እንኳ ካርድ ክፍል ውስጥ ሲጠይቋት፣ ሠፈራቸው ኒውላንድ ያለ ጎረቤት ሁሉ እናቷን የሚጠራበት ስም ነው ቀድሞ አፏ ላይ የመጣው።

«የእናትሽ ስም?»

«ማን ኛኩዋት።»

«እኮ ማን?»

«ማን ኛኩዋት።»

«አንቺ ልጅ፣ ትቀልጃለሽ?» አለች ካርድ የምታወጣው ሴት፤ ኛኩዋት ሳቋን እየዋጠች በኑዌርኛ «ማን» ማለት «እናት» ማለት እንደሆነ አስረዳቻት። የእናቷ የመዝገብ ስም ኛዱዎፕ ነው።

እብጠቱ ከኛኩዋት ጋር የተወለደ ነው። ሕፃን ሳለች የአተር ፍሬ ያህል ነበር አሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት የብይ ያህል አደገ። የክፍሏ ወንዶችም «ብይቱ» እያሉ ሙድ ይይዙባት ጀመር። ዘመድ ሁሉ በእሳት ይተኮስ፣ በምላጭ ይበጣ እያለ ሲመክር እናቷ አንዱንም አልሰማችም። «የልጄን ፊት ማንም በምላጭ አይነካም» ብላ አባረረቻቸው። በቅርቡ ግን ትምህርት ቤት ቮሊቦል ሲጫወቱ ኳሱ እዚያው ቦታ ላይ መታት። ፊቷ ቀልቶ አበጠ፤ ዓይኗ ተከደነ። ጤና ጣቢያ በሰጧት መድኃኒት የፊቷ እብጠት ከጎደለላት በኋላ፣ ከጅማ የዓይን ቀዶ ሐኪም መጥተዋልና ይዩዋት ተብላ ወደ ሆስፒታሉ ተላከች።

ዶክተር ቤርሳቤ እጃቸውን እያደረቁ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ደርሞይድ ሲስት ይባላል። መጀመሪያ ይሄን ንገሪያቸው፤ ካንሰር አይደለም። እናትሽ ሆድ ውስጥ ሳለሽ፣ የፊትሽ አጥንቶች ሲገጣጠሙ ትንሽ ቆዳ ከውስጥ ተዘግቶበት ቀረ። ቆዳ ደግሞ የትም ቢሆን ሥራውን አይተውም። ቅባት ያመነጫል፣ ፀጉር ያበቅላል። መውጫ የለውም፤ ስለዚህ እየተጠራቀመ ያድጋል።»

«ፀጉር? እዚህ ውስጥ?» ኛኩዋት እጇን ወደ ቅንድቧ ሰደደች።

«ሊኖር ይችላል። ኳሱ ሲመታሽ ትንሽ ፈሶ ነው እንደዚያ ያቃጠለሽ።»

ኛኩዋት ሁሉንም ተረጎመች። እናቷ አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች።

«እኔን አርግዛ ከድንበር ማዶ ስትሻገር ወድቃ ነበር። በዚያ ምክንያት ነው ወይ ትላለች።»

«በጭራሽ!» አሉ ዶክተሯ፤ ፊታቸውን ወደ እናቷ አዙረው። «በመውደቅ አይመጣም። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ኛኩዋት ይህን ስትነግራት እናቷ ጭብጥ አድርጋ የያዘችውን የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀችው።

«እንግዲህ ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው» ሲሉ ቀጠሉ ዶክተር ቤርሳቤ። «ከነከረጢቱ መውጣት አለበት። ከረጢቱ ትንሽ እንኳ ከቀረ ተመልሶ ያድጋል። ከኋላ ወደ አጥንቱ ገብቶ እንደሆነ ለማየት ጅማ እኛ ጋ ሲቲ ስካን እናነሳሻለን። ቦታው ለዓይንሽ ቅርብ ነው፤ ጥልቀቱንም ገና አላወቅነውም። ስለዚህ ሙሉ ማደንዘዣ ነው የምንጠቀመው። ትተኛለሽ፤ ሲያልቅ እንቀሰቅስሻለን።»

ኛኩዋት አፏን ከፈተች። ከረጢቱን ነገረቻት። ጅማን ነገረቻት። ፎቶውን ነገረቻት። ከዚያ «ትተኛለሽ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

የእናቷ ታናሽ እህት ከድንበሩ ማዶ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ በድንኳን ውስጥ በተሠራ ክሊኒክ ለወሊድ ቀዶ ሕክምና እንዳስተኟት አልነቃችም። ኛኩዋት አክስቷን አታውቃትም። እናቷ ግን ዛሬም ልጅ በቀን እንቅልፍ ሲበዛበት ሄዳ ትነቀንቀዋለች። «አስተኝተው» የሚለው ቃል ከተነገራት፣ ተነሥታ እጇን ይዛ እንደምትወጣ ኛኩዋት ስሟን የምታውቀውን ያህል ታውቃለች።

«ቦታዋን ብቻ ነው የሚያደነዝዙት» አለች በኑዌርኛ። «ጥርስ ሲነቀል እንደሚያደርጉት።»

እናቷ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «አያስተኙሽም?»

«አያስተኙኝም።»

እናቷ ወደ ዶክተሯ ዞረችና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

.

«አቦ ምን ችግር አለው?» አለች ፍቅርተ በማግሥቱ፣ ከክፍላቸው ጀርባ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው። ፍቅርተ የኛኩዋት የቅርብ ጓደኛ ናት። ወላጆቿ ከከተማው ውጭ በሠፈራ መንደር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ አክስቷ ቤት ሆና ነው የምትማረው። «እናትሽ አማርኛ አትሰማ፣ ዶክተሯ ኑዌርኛ አትሰማ። ማን ያውቅብሻል?»

«ማንም አያውቅም።»

«እኮ! ትተኛለሽ፣ ይወጣልሻል፣ ትነቂያለሽ። ያኔ ትነግሪያታለሽ፤ ትስቃለች። እነዚያ ቀሽሞችም ብይቱ ማለታቸው ይቀራል። እኔ ብሆን አንቺ ያደረግሽውን ነው የማደርገው።»

ኛኩዋትም ልክ እንደዚያ ነበር ያሰበችው። ሙያዋ ነው። ስታስተረጉም ሁልጊዜ ትንሽ ትቀንሳለች፣ ትንሽ ትጨምራለች። ገበያ ላይ ደንበኛ ሲሳደብ «ተወደደብኝ ይላል» ብላ ታልፋለች። ይሄስ ከዚያ በምን ይለያል?

እሑድ ግን እናቷ ቸርች ውስጥ ለምስክርነት ተነሣች። ማን ኛኩዋት ሰው ፊት መናገር አትወድም። በዚያን ቀን ግን በጉባኤው መካከል ቆማ፣ የልጇ በሽታ ስሙ እንደታወቀ፣ ክፉ ነገር እንዳልሆነ፣ እሷ ስለወደቀች የመጣ እንዳልሆነ ተናገረች። «እኔ ደግሞ ስፈራ የኖርኩት ማስተኛቱን ነበር» አለች በመጨረሻ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያስተኟትም። ልጄ ራሷ ሰምታ ነግራኛለች።» ሴቶቹ እልል አሉ።

ኛኩዋት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ እልልታውን ሰማች። እናቷ ጅማ ላይ ከአንድ በር ውጭ ቆማ ታየቻት። ልጇ ከበሩ ወዲያ ዓይኗን ገልጣ ከሐኪሞቹ ጋር እያወራች ይመስላታል። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ይወጣል። በማታውቀው ቋንቋ ይናገራታል።

መዝሙሩ ሲጀመር ኛኩዋት አፏን አንቀሳቀሰች እንጂ ድምፅ አላወጣችም።

.

ዶክተር ቤርሳቤ ወደ ጅማ ከመመለሳቸው በፊት እንደገና አስጠሯቸው። የጅማውን ቀጠሮ ሰጧቸው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምግብና ውኃ እንደሚከለከልም ነገሯቸው። ከዚያም እናቷን እያዩ «ጥያቄ አላቸው?» አሉ።

ማን ኛኩዋት ጥያቄ አልነበራትም፤ መልእክት ግን ነበራት። አስባበት የመጣች መሆኑ ያስታውቃል። ስለ እህቷ ተናገረች። ስሟን፣ ድንኳኑን፣ ውጭ ቆማ የጠበቀችበትን ጊዜ። «ይሄንን ሁሉ ንገሪያት» አለች ለልጇ። «ከዚያ፣ ልጄን ስለማታስተኛት አመሰግናለሁ በያት። ብታስተኛት ኖሮ አልፈቅድም ነበር በያት።»

ዶክተሯ ፈገግ ብለው ጠበቁ። እናቷም ጠበቀች። ኛኩዋት «በጣም አመሰግናለሁ ትላለች» ማለት ትችል ነበር። ሦስት ቃል ነው። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያዩ ነበር።

«እናቴ...» አለች። «እናቴ እህቷ ለኦፕራሲዮን አስተኝተዋት ሳትነቃ ቀርታለች። ልጄን ስለማያስተኟት አመሰግናለሁ፣ ቢያስተኟት ኖሮ አልፈቅድም ነበር ትላለች።»

የዶክተሯ ፈገግታ ጠፋ። «ግን ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያልነገርኳት።»

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። በአማርኛ የተናገረችው ቀልሏት ነበር፤ በኑዌርኛ ግን ቃሎቹ እያንዳንዳቸው ከበዷት። «ዋሽቼሻለሁ። ያስተኙኛል። ሙሉ በሙሉ ነው የሚያስተኙኝ። እምቢ እንዳትዪ ብዬ ነው።»

ማን ኛኩዋት አልጮኸችም። ልጇን አየቻት፤ ዶክተሯን አየቻቸው። ተነሥታ ወጣች።

ኛኩዋት ልትከተላት ስትል ዶክተር ቤርሳቤ ትከሻዋን ያዙ። «ተያት። ትንሽ ተያት።»

ቆይቶ በሩ ሲከፈት እናቷ ብቻዋን አልነበረችም። ብራዘር ፓል የሚባለውን፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠራውን የኑዌር ነርስ ይዛ መጥታለች። ፓል ግራ ተጋብቶ ጓንቱን ገና እያወለቀ ነበር።

«እሱ ያስተርጉም» አለች በኑዌርኛ። ወደ ልጇ ሳታይ «አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለቻት።

ኛኩዋት ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስለራሷ ፊት፣ ስለራሷ ዓይን የሚወራው ሁሉ ከአጠገቧ ወዲያና ወዲህ እያለፈ ሲሄድ ሰማች። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

እናቷ መጀመሪያ የጠየቀችው «ባይወጣስ?» ብላ ነው።

«አይገድላትም» አሉ ዶክተሯ። «አስቸኳይም አይደለም። ግን እያደገ ይሄዳል፤ አጥንቱን ይጫነዋል። በተመታ ቁጥርም እንደ በቀደሙ ሊፈስና ሊያቃጥል ይችላል።»

«አንቺ ካስተኛሻቸው ያልነቃ አለ?»

ፓል ይህን ሲተረጉም ትንሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዶክተር ቤርሳቤ ግን አልተቆጡም።

«በእኔ እጅ አልገጠመኝም። የምታስተኛትና እስክትነቃ ከራስጌዋ የማትለየው ሌላ ባለሙያ ናት፤ ትንፋሿንና ልቧን በመሣሪያ ትከታተላለች። ምንም አደጋ የለውም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። በጣም ትንሽ ነው፤ ግን አለ።»

ኛኩዋት ፓል ያንን የመጨረሻ ነገር ያስቀረው ይሆን ብላ ጆሮዋን አቆመች። አላስቀረውም። «ትንሽ ነው፤ ግን አለ» አለ፤ ልክ እንደተባለው።

እናቷ አመስግና ተነሣች። እሺም እምቢም አላለችም።

.

ከዚያ በኋላ ቤታቸው ዝም አለ። ኛኩዋት ውኃ ቀዳች፣ ልብስ አጠበች፣ ከትምህርት ቤት መልስ ገበያ ሄዳ አገዘች። ፍቅርተ «ለምኛት እንጂ! አልቅሺ!» ብትላትም አልለመነችም። አንዴ በውሸት ያሳመነቻትን እናቷን አሁን በዕንባ ማሳመን አልፈለገችም። እምቢ ካለች እጠብቃለሁ ብላ ለራሷ ወሰነች። ራሷ የምትፈርምበት ዕድሜ እስኪደርስ ድረስ ትጠብቃለች። ብይቱ ይበሏት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ እናቷ የቀረውን ዓሣ እያጠበች በድንገት መናገር ጀመረች።

«እህቴን ይዘዋት የገቡ ጊዜ የት እንደወሰዷት የነገረኝ አልነበረም። ሲያስተኟትም አልነገሩኝም። እኔ ውጭ ሆኜ ስሟን እጠራ ነበር፤ ትሰማኛለች ብዬ። ስጠራት የዋልኩት የማትሰማ ሰው ነበር።» ዓሣውን ገለበጠችው። «አንቺም እንደዚያ ልታደርጊኝ ነበር።»

ኛኩዋት ቢላዋውን አስቀመጠች። «አዎ።»

«እንሄዳለን» አለች እናቷ። «ግን እዚያ የሚሉሽን ሁሉ ትነግሪኛለሽ። የሚያስፈራውን መጀመሪያ።»

.

ጅማ ላይ ዝናብ ነበር። የሲቲ ስካኑ ምስል ጥቁርና ነጭ ነበር። ዶክተር ቤርሳቤ በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳዩ፣ እብጠቱ አጥንቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ሠርቶ እንደተኛ፣ ወደ ውስጥ ግን ዘልቆ እንዳልገባ ነገሯቸው። «ጥሩ ዜና ነው» አሉ። ኛኩዋት ግን ጥሩውን ዜና ወደ ኋላ አቆየችው። «አጥንቴን ጎድጉዶታል። ግን አልበሳውም» አለች።

በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ማደንዘዣ የምትሰጠው ባለሙያ አልጋዋ ድረስ መጣች። ኛኩዋት በባዶ ሆዷ፣ በሰፊው የሆስፒታል ልብስ ውስጥ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱን ነገር ተረጎመች። አንዳንድ ሰው ለመድኃኒቱ አለርጂ ሊኖረው ይችላል። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ይገባል። ስትነቃ ጉሮሮዋን ያማታል፣ ሊያስመልሳት ይችላል። እናቷ በእያንዳንዱ ቃል ከንፈሯን ትነክሳለች፤ አንዴም ግን አላቋረጠቻትም። ባለሙያዋ ስትጨርስ ማን ኛኩዋት የልጇን እጅ ያዘች። አልጋው ሲገፋ አብራ ሄደች፤ ከበሩ ላይ ነው የለቀቀቻት።

ኛኩዋት ከጭምብሉ ውስጥ የጎማ ሽታ ያለው አየር ሳበች። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቅም።

ስትነቃ ጉሮሮዋ እንደተባለው ያቃጥላል፤ ግራ ዓይኗ ተሸፍኗል። በቀኝ ዓይኗ ያየችው የእናቷን ፊት ነው፤ በጣም ተጠግታ ስለነበር ትንፋሿ ይሰማታል። «ኛኩዋት» አለች እናቷ።

«ሰማሁሽ» አለች ኛኩዋት።

እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ቆይተው ዶክተር ቤርሳቤ በትንሽ ጠርሙስ ያመጡትን ስታይ ግን ዕንባዋን ጠርጋ ጎንበስ አለች። ዶክተሯ ለምርመራ የሚላከውን ከረጢት ቀደው ነበር። ቢጫ ቅባት የመሰለ ነገር፣ በውስጡም ጥቂት ቀጫጭን ፀጉሮች ነበሩ። «ይቺ ናት እንዴ?» አለች በኑዌርኛ፤ «ለዚች ነው ይሄ ሁሉ?» ኛኩዋት ልትስቅ ስትል ስፌቱ ቆነጠጣት።

ስፌቱ እስኪወጣ ጅማ ውስጥ ከቸርቻቸው ሰዎች በአንዱ ዘመድ ቤት ሰነበቱ። እዚያ ሳሉ ነው እናቷ ያልጠበቀችውን ነገር የጠየቀቻት።

«አማርኛ አስተምሪኝ።»

«ለምን? እኔ አለሁ አይደል?»

«ተኝተሽ ሳለ አንዲት ነርስ ወጥታ አንድ ነገር ነገረችኝ። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቷን ብቻ ነው ያየሁት፤ ፊቷን አይቼ ደህና ነሽ ማለት ነው አልኩ።» ማን ኛኩዋት ወደ መስኮቱ ዞረች። «ሁልጊዜ አንቺ አትኖሪም።»

ኛኩዋት በመጀመሪያ ቅር አላት። በልቧ ስታየው፣ እናቷ ከእንግዲህ አላምንሽም ያለቻት መሰላት። ምናልባትም እውነት ነው። ሆኖም በዚያው ምሽት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጀመሩ። እናቷ ሰላምታ አልፈለገችም፤ የገበያውን አማርኛ እንደ ነገሩ ታውቀዋለች። የጠየቀቻት ሌላ ነበር። ደም ምን ይባላል? መርፌ? ነቃች? እነዚያን ቃሎች ዓሣ ስታጥብ እንደምታንጎራጉረው እያንጎራጎረች ደጋገመቻቸው። ጾታውን ታምታታለች፤ ያለፈውንና የሚመጣውን ታቀላቅላለች። ኛኩዋት ስታርማት አንዳንዴ ትቆጣለች፤ ቆይታ ግን እንደገና ትሞክራለች።

ስፌቱ በሚወጣበት ቀን ዶክተር ቤርሳቤ ክሮቹን አንድ በአንድ ቆርጠው አወጡ። የቅንድቧ ፀጉር ጠባሳውን ከፊሉን ሸፍኖታል። ቦታው ሜዳ ሆኗል። ኛኩዋት በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው።

«የላቦራቶሪ ውጤቱም ያልነው ነው፤ ደርሞይድ ሲስት። ሌላ ምንም የለውም» አሉ ዶክተሯ። «በሉ እንግዲህ፣ ጥያቄ አላችሁ?»

ማን ኛኩዋት ከወንበሯ ወደፊት ሳብ አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዶክተር» አለች በአማርኛ። «እሱ... ተመልሶ... መጣ?»

ዶክተር ቤርሳቤ እንደ ልማዳቸው ወደ ኛኩዋት ዞሩ፤ እንድትተረጉምላቸው። ትርጉሙ ኛኩዋት አፏ ላይ ነበር። «ተመልሶ ይመጣል ወይ ማለቷ ነው» ልትል ከንፈሯ ተላቅቆ ነበር። እናቷን አየቻት። ማን ኛኩዋት ዓይኗን ከዶክተሯ ላይ አልነቀለችም።

ኛኩዋት አፏን ዘጋች። ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበችና ዝናቡን በመስኮት ታይ ጀመር።

ዶክተሯ ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ገባቸውና ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ እናቷ አዙረው፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል ለይተው ተናገሩ።

«አይመጣም። ሙሉውን አውጥተናል።»

«ሙሉ?»

«ሙሉ።»

ማን ኛኩዋት ቃሉን በአፏ ውስጥ ደገመችው። ከዚያም ሁለተኛውን ጥያቄዋን ለመጠየቅ እንደገና ጉሮሮዋን ጠረገች።